ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ

ልብስ ሰፊው ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ያወጣት ቃል «ቁልፍሽ» የምትል ነበረች። ለእናቱ እንዳይመስላችሁ። ረቡዕና እሑድ እየተመላለሰች ብርቱካን እየላጠች ያጎረሰችው፣ ጥፍሩን የቆረጠችለት፣ ጢሙን በመቀስ ያስተካከለችለት እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለች፣ እሱ የተናገረው ገና ትናንት ጡት የጣለች ለምትመስል ተማሪ ሐኪም ነው። እናትየውን ቅናት ቢጤ ወጋ አደረጋት። ይህን መደበቅ ምን ይጠቅማል፤ ወግቷታል። ወዲያው ግን ደስታው መጥቶ ቅናቱን ጠራርጎ ወሰደው።

ልጇ ሲታመም እንደ ሌላው ሰው ጨርቁን አልጣለም፤ እሱ ጭራሽ ጨርቁን አጥብቆ ይዞ ነው የታመመው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የደንበኞቹን ኪስ ሁሉ በድርብ ክር እየሰፋ ዘጋ። ኮት ይሁን፣ ሱሪ ይሁን፣ የሕፃን ቀሚስ ይሁን፣ ኪስ ያለው ነገር አላመለጠውም። በኪስ የሚገባ ነገር አለ ይላል፤ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አይናገርም። አንድ ሰውዬ ሰው መሃል እጁን ኪሱ ሊከት ቢታገል ቢታገል እምቢ ብሎት መሳቂያ ሆነና ሱቁ ድረስ መጥቶ ጮኸ። ሰፈሩ ሳቀ። እናትየውም ያን ቀን ስቃለች፤ እስከ ዛሬ የሚቆጫት እሱ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ልጇ አፉንም እንደ ኪሶቹ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሆነ ቤቱ። ረጅም ኮሪደር፣ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ እግሩ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ አልጋ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምታርፍበት አንድ አግዳሚ ወንበር። በየሁለት ወሩ አዲስ የተማሪ ሐኪሞች ዙር ይመጣል። ነጭ ጋዋናቸው ገና ከሱቅ የወጣ፣ እስክሪብቶአቸው ደረታቸው ላይ የተሰካ። ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቁታል።

«ስምዎ ማን ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ያለነው የት ነው?»

«እናንተ ሰዎች ካላንደር የላችሁም እንዴ?» ትላቸው ነበር እናትየው። «ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኑን ከሱ ነው የምትጠይቁት። የት እንዳላችሁ ካላወቃችሁ ደግሞ በር ላይ ዘበኛው አለ፤ እሱ ይነግራችኋል።»

ይስቃሉ። ይጽፋሉ። ሁለት ወር ሲሞላ አንድ ቀን አርብ ይመጡና ሰኞ የሉም፤ በቦታቸው ሌሎች ቆመዋል፤ «ስምዎ ማን ነው?» ይላሉ። እናትየው ፊደል ባትቆጥርም ዙሩን ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ስድስት። ለልጇ «ደህና ሁን፣ መሄዴ ነው» ብሎ የሄደ አንድም የለም።

ቀጭኗ ሐኪም የሠላሳ ስድስተኛው ዙር ነበረች። እናትየው «ሰበዝ» ብላ ነበር የምትጠራት፤ ነፋስ ቢነሳ ይወስዳታል። ሰበዝ ከሌሎቹ የምትለየው በማውራት ሳይሆን ባለማውራት ነው። ሌሎቹ ጠይቀው ጠይቀው ሲሄዱ እሷ አግዳሚው ላይ ከልብስ ሰፊው ጎን ትቀመጥና ፀሐይ ትሞቃለች። ያን ረቡዕ እንደዚያው ተቀምጣ፣ የጋዋኗ ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበርና፣ ሳታስበው ስትነካካው ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ።

ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ አየ።

«ቁልፍሽ» አለ።

እናትየው የያዘችው ብርቱካን ከእጇ ወደቀ። ሰበዝ ግን ብልህ ናት፤ አልጮኸችም፤ ማንንም አልጠራችም። ስድስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ሳይሆን ትናንትም ያወጋት ሰው እንደተናገራት ሁሉ፣

«አዎ፣ ተበጠሰብኝ» አለች።

«በነጠላ ክር ነው የሰፉት። ይሄ ሥራ አይደለም።» ድምፁ የዛገ በር ይመስል ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ድርብ ክር። አምጪው።»

መርፌ ደግሞ እዚያ ክፍል ዝም ብሎ አይገባም። ሰበዝ ሰዓቷን አየች፤ ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው ይጠሯታል። ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«እስከዚያ እርስዎ ይያዙልኝ። መርፌና ክር አስፈቅጄ ሰኞ ጋዋኑን አመጣዋለሁ» ብላ ሄደች።

እሑድ እናትየው ስትመጣ ልጇ ቁልፉን ጨብጦ ተቀምጧል። አያትና «ነገ ሰኞ ነው» አላት። ማንም ሳይጠይቀው። የሌላኛው እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ይሽከረከራሉ፤ ይህን እናትየው ታውቀዋለች። ልጅ እያለ ሥራ ሲማር ጀምሮ ክር የሚቋጥረው እንደዚያ ነው፤ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ መሃል አንዴ ያሽከረክረውና ቋጠሮው ብቅ ይላል። ክር በሌለበትም ጣቶቹ ሥራቸውን ይለማመዱ ነበር። ያን ቀን እናትየው መንገድ ላይ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። ይዩ፤ ምን ገዷት።

በማግስቱ ሰኞ ማንም አልመጣም። ረቡዕ እናትየው ስትገባ ልጇ ዓይኑን በሩ ላይ እንደተከለ፣

«ሰኞ አለፈ» አላት።

እሷም ምን አለች? «ሥራ በዝቶባት ነው፤ የሚመጣው ሰኞ ትመጣለች» አለችው። ከማን ሰማች? ከማንም። እንዲሁ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። «እሺ» አለ። እሷም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ልጇን በገዛ አፏ ለሌላ ሰኞ አሳልፋ ሰጥታ።

እሑድ ጉልበቷ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቃታት። በስድስት ዓመት የቀረችበት ብቸኛው እሑድ ነው። እግሯን እየጎተተች የመጣችው በተከታዩ ረቡዕ ነበር። ልጇ አልጋው ላይ ነው፤ ፊቱ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ከአፉ ጥግ ለሃጭ ይወርዳል። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ባዶ ናቸው።

ሲስተሯ፣ የክፍሉ የቆየች ነርስ፣ ጎኗን ነካ አደረገቻት። «የሌለች ሐኪም ትመጣልኛለች ይላል ብለው መድኃኒት ጨመሩበት፣ እማማ። ፈረቃዬ አልነበረም፤ ነገሩን የሰማሁት ዛሬ ነው።»

በዚያው ሰዓት ሐኪሞቹ ራውንድ ላይ ነበሩ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ። አምስት አዲስ ወጣቶች። ከልጇ አልጋ ራስጌ የቆመው ባለ መነጽሩ ነው፤ ወፍራም መነጽር፣ ቀጭን አንገት።

«አንተ መነጽር» አለችው። «የልጄን እጅ ምን ነካው?»

«እማማ፣ መድኃኒቱ ጨመር ስላለ ነው። ትንሽ ያንቀጠቅጣል።»

«ለምን ጨመረ?»

«ብሶበት ነበር። ሐኪም ትመጣለች፣ ጋዋኗን እሰፋለሁ እያለ በሩን አለቅም አለ። እኛ ጋ ደግሞ ሴት የለችም፤ አምስታችንም ወንዶች ነን።»

«ቁልፉስ?»

«እንዳይውጠው ወሰድንበት። ሲወሰድበት ታገለ።» ካርዱን ገልጦ ዘረጋላት፤ ማንበብ ትችል እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ። «እሱም ተጽፏል።»

«ቁልፉ ከየት መጣ ብለህ ጠየቅኸው?»

መነጽሩ ካርዱን መልሶ ዘጋው።

«ከጣሪያ የተንጠባጠበ መሰለህ? ልጅቷ አለች። ሰበዝ የመሰለች። ከአንተ በፊት እዚህ አልጋ ራስጌ የቆመችው እሷ ናት። ሰኞ እመጣለሁ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ከአምስቱ አንዱ ለሌላው በትምህርታቸው ቋንቋ ሹክ አለው።

«በፈለጋችሁት ቋንቋ አውሩ» አለች እናትየው። «እኔ የማነበው ፊት ነው። እናት ናት፣ ትሸፍንለታለች አልክ አይደል?»

ሹክ ያለው ተማሪ ቀላ፤ ብሎታልና።

ይህን ጊዜ መምህራቸው ገባ፤ ትልቁ ሐኪም። ሁለት ሳምንት ለስብሰባ ሄዶ መመለሱ ነው። ፀጉሩ ቢሸብትም ከእናትየው ወዲህ የተወለደ ስለሆነ አንተ ነው የምትለው። ነገሩን ሰማ፤ ካርዱን ተቀብሎ አነበበ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብበው» አለው መነጽሩን። «እሷ በምትሰማው ቋንቋ።»

መነጽሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕመምተኛው አንዲት ሐኪም ሰኞ እንደምትመጣና ጋዋኗን እንደሚሰፋላት አጥብቆ ያምናል። እውነት አለመሆኑ ቢነገረውም አይቀበልም።»

«እንዴት ይቀበል» አለች እናትየው፤ «እውነት ነዋ።»

ትልቁ ሐኪም መሬት መሬት እያየ፣ «ልጅቷ አለች፣ እማማ። መንገዱን ተሻግረው ባለው ሕንፃ፣ የሕፃናት ክፍል ናት። አስጠራታለሁ» አለ።

«እናንተ ጠርታችሁ እስክትመጣ ሌላ ዙር ይገባል» ብላ ከዘራዋን አነሳች። ከመውጣቷ በፊት ግን ዞር አለች። «መርፌ ይፈቀድለታል?»

«ይፈቀድለታል። እኔ አጠገቡ እቆማለሁ።»

የሕፃናት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን በአንድ እግር ወጣችው ቢባል ይቀላል። ሰበዝ የአንድ ሕፃን ደረት እያዳመጠች ነበር። እናትየው ጠበቀች፤ የሰው ልጅ እየታየ ጣልቃ አይገባም። ሰበዝ ቀና ስትል አየቻትና ፊቷ በፈገግታ በራ።

«እማማ፣ በምን እግርዎ መጡ! እሱ እንዴት ነው?»

«እየጠበቀሽ ነው።»

ፈገግታው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ።

«አርብ ዙራችን አለቀ» አለች ሰበዝ። «ሰኞ ያልኩት... እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ።»

«ዙሩ እንደሚያልቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ደስ ብሎት አይቼ እሄዳለሁ ማለት አቃተኝ። ከዚያ እዚህ ስገባ ሥራው...» አቋረጠችው። «ረሳሁት፣ እማማ። ሕመምተኞቹ መሄዳችሁን ልብ አይሉትም ይሉን ነበር።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ከእኛ በፊት የነበሩት።»

«እነሱም ሳይናገሩ ነው የሄዱት። በምን አወቁት?» እናትየው ሌላም ልትናገር ነበር፤ ብዙ ነበራት፤ ደረጃውን ስትወጣ ሁሉ ስታሳምረው የመጣችው ንግግር። ልጅቷን ስታያት ግን የራሷ «ትመጣለች» ትዝ አላትና ንግግሩን ተወችው። «እኔም ዋሽቼዋለሁ» አለች። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

መንገዱ ዳር ካለች ሱቅ እናትየው መርፌና ነጭ ክር ገዛች። ሰበዝ ፊት ፊት ስትሮጥ እሷ ከኋላ እያነከሰች፣ ዓይኗን ከልጅቷ ተረከዝ ሳትነቅል፣ ክሩን እንኳ በድርቡ እየለካች ተከተለቻት። መኪና ጡሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችም። ልቧ ውስጥ ልጇ ተናግሯል፤ መርፌውን ይዟል፤ ነጠላ ክር የሚሰፉትን ሰዎች እየሰደበ ነው።

ልብስ ሰፊውን ደግፈው አግዳሚው ላይ አስቀምጠውታል። ሲስተሯ ቆማለች። ትልቁ ሐኪም ቆሟል። መነጽሩ ከካርዱ ጋር በፕላስተር የተለጠፈች ትንሽ ፖስታ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ቁልፏ ውስጧ ናት፤ አልጣላትም። ሰበዝ ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«መጣሁ» አለች። «ሰኞው አለፈብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ለማንሳት ብዙ ፈጀ። ዓይኑ ፊቷ ላይ አልቆመም፤ ወደ ጋዋኑ ወረደ። የመጀመሪያው ቁልፍ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

ሦስተኛው ቦታው ላይ ነበር። አዲስ ቁልፍ፣ ከሌሎቹ ትንሽ የሚበልጥ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ በጥሩ ድርብ ክር የተሰፋ።

ሰበዝም ዓይኑን ተከትላ አየችው፤ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። «እናቴ ናት... ስታጥበው አይታ...» አለች።

እሱ ቁልፉን ረጅም ጊዜ አየው፤ የሌላን ባለሙያ ሥራ እንደሚመረምር ሰው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እናትየው ቃል ይወጣል ብላ ጠጋ አለች። ምንም አልወጣም። ፊቱን ወደ ግቢው ግድግዳ አዞረ።

እናትየው መርፌዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ መንገድ የልጅቷን ተረከዝ ስታይ አንድ ጊዜ እንኳ ደረቷን አላየችም። ሐኪሞቹን ቁልፉ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ ስትል የዋለች ሴት፣ ልጅቷን ቁልፍሽ አሁንም የለም ወይ ብላ አልጠየቀቻትም። መርፌው መጥቷል፣ ክሩ መጥቷል፣ ሐኪሟ መጥታለች፣ ቁልፉ ከፖስታው ወጥቷል። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ ጉድለቱ ብቻ ነው የጠፋው።

መድኃኒቱን ቀነሱለት። እሱ ግን አልተናገረም። የመነጽሩ ዙር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትልቁ ሐኪም እናትየውን ኮሪደሩ ላይ አገኛት።

«እማማ፣ ተማሪዎቼን አንዴ ያነጋግሩልኝ።»

«እኔ? ፊደል ያልቆጠርኩት?»

«እኔ ቆጥሬ ነግሬያቸው አልሰሙኝም።»

ገባች። የተማሪ ወንበር የሞላበት ክፍል፣ የተጠረገ ሰሌዳ። መነጽሩና ጓደኞቹ ከፊት ናቸው፤ ሰበዝ የምሳ ሰዓቷን ትታ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። እናትየው አልተቀመጠችም።

«ብዙ አልናገርም፤ ጉልበቴን ያመኛል» አለች። «አንድ በአንድ ተነሱና መቼ እንደምትሄዱ ለእኔ ንገሩኝ። እኔ በሽተኛው ነኝ።»

ሳቅ ተሰማ። አንደኛው ተነስቶ፣ «እማማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኛለን» አለ።

«የት?»

«እ... እንዲያው...»

«ዋሸህ። ቁጭ በል። ቀጥሎ።»

ሁለተኛው «ብሄድም ሁሌም አስብዎታለሁ» አለ። «አታስበኝም፤ የሴት ጓደኛህን እንኳ ስሟን ረስተህ ትገኛለህ። ቁጭ በል።» አሁን ሁሉም ሳቁ፤ ሰበዝ ብቻ አልሳቀችም። ሦስተኛው መነጽሩ ነበር። ቆመ፤ ሸሚዙን ጎተተ።

«አርብ እሄዳለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ እዚህ ክፍል አልመጣም። በርስዎ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነበር።»

ሳቁ ቆመ። እናትየው አየችው። «ይሄ ይበቃል» አለች። «አሁን ሂድና ለሱ ንገረው። ባይዞርም ንገረው።»

ሄዶ ነገረው። አልዞረም። መነጽሩ ተመልሶ ሲወጣ መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ሲወለውል እናትየው አይታለች፤ ለማንም አላወራችም።

ሰበዝ ያንን ቢጫ ቁልፍ በገዛ እጇ ቆርጣ ጣለችው፤ በየረቡዑ ቀዳዳው ባዶ በሆነ ጋዋን መጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። አሮጌዋ ቁልፍ እናትየው ጋ ናት፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥራ፤ መርፌውም። ልብስ ሰፊው ቀዳዳውን አያየውም።

አንድ ረቡዕ ሦስቱም ፀሐይዋ ላይ ተቀምጠው ሳለ እናትየው ብርቱካን መላጧን ድንገት አቆመች። የልጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ይሽከረከራሉ። ቀስ እያለ፣ አንዴ፣ እንደገና አንዴ። 

«አየሽ?» አለች በሹክሹክታ። «ክር እየቋጠረ ነው። እንደ ድሮው።»

ሰበዝ ጎንበስ ብላ እጁን አየች፤ ብዙ አየችው። ሌላኛውንም እጁን አየች፤ እሱም ቀስ እያለ በዚያው አኳኋን ይሽከረከራል። እናትየው የልጅቷን ፊት ነው የምታየው። ያ የድሮው ደግ ፈገግታ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሊወጣ ሲል አየችው። እናትየውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲወጣ ፈልጋ ነበር። በሕይወቷ የሰው ውሸት እንደዚያን ቀን ፈልጋ አታውቅም።

«ክር እየቋጠረ ነው፣ አይደል?» አለች።

ሰበዝ ዓይኗን አነሳች።

«አይደለም፣ እማማ። መድኃኒቱ ነው። እጅን እንደዚህ ያደርጋል።»

«ይለቀዋል?»

«ብዙዎቹን ይለቃቸዋል። የሱን አላውቅም።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። ብርቱካኑን ከፈለችና ግማሹን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ብዪ» አለቻት። «አሁን ሐኪም መስለሻል።»

ሰበዝ ብርቱካኑን ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «የሚመጣው ረቡዕ ፈተና አለብኝ» አለችው። «አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ እመጣለሁ።» ተነስታ ሄደች፤ ባዶው ቀዳዳ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ።

እናትየው የልጇን እጅ በእጇ ሸፈነችው። ጣቶቹ መዳፏ ውስጥ መሽከርከራቸውን አልተዉም። ፀሐይዋ ከአግዳሚው እስክትነሳ ድረስ እጇን አላነሳችም።